ጋሼ፣ ጄኔቫና የሌለው አዳራሽ

ጋሼ በሰኔ ወደ ፍራንክፈርት ሊመጡልኝ ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ባሕር ዳር ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው እዚያው ጡረታ ወጡ። ግብዣውን በስልክ ስነግራቸው ስለ ጀርመን አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ብርዱን አላነሱም፣ ምግቡን አላነሱም። "ጄኔቫ ካንቺ ቤት ሩቅ ነው?" ብቻ አሉ። በባቡር ስድስት ሰዓት ያህል ቢሆን ነው አልኳቸው። "እንግዲያውስ አንድ ጊዜ ውሰጂኝ። ጃንሆይ የቆሙበት ቦታ ልቁም። ሌላ ምንም አላስቸግርሽም።"

አላስቸግርሽም ያሉት ነገር ይኸው እስከ ዛሬ ሲከነክነኝ አለ።

እኔ ጉዞ ማቀድ ነፍሴ ነው። ከሄድኩበት አገር ይልቅ ለመሄድ ያቀድኩት ይበዛል። ካርታ እከፍታለሁ፣ የባቡር ሰዓት አያለሁ፣ የሆቴል ዋጋ አወዳድራለሁ፣ የትኛው ካፌ ጠዋት በስንት ሰዓት እንደሚከፍት ሳይቀር ጽፌ እይዛለሁ። ጄኔቫንም እንደ ልማዴ ጀመርኳት። አሮጌው ከተማ፣ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ካልቪን የሰበከበት ካቴድራል፣ ሐይቁ፣ ጀልባው፣ ቸኮሌቱ። ዝርዝሩ በአንድ ምሽት ሞላ። ግን ባየሁት ቁጥር የጋሼ ነገር የለበትም። ካርታው ላይ "ጃንሆይ የቆሙበት" የሚል ምልክት የለም።

ጋሼን ለማታውቁ ልንገራችሁ። እኔንም አስተምረውኛል። ጃንሆይ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት፣ ስለ ጣሊያን ወረራ ያደረጉትን የሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.ን ንግግር የሚያስተምሩበት ቀን በትምህርት ቤቱ የታወቀ ነበር፤ የሌላ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ በመስኮት ይሰበሰባሉ። ጠመኔያቸውን ኮት ኪሳቸው ይከታሉ። ከኋላ ወንበር አንዱን ረባሽ ይጠሩና "አንተ፣ እስቲ አፏጭ" ይሉታል። ልጁ ያፏጫል፣ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። እሳቸው አይስቁም። ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ሳቁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይሄድና ክፍሉ ጭጭ ይላል። ያኔ ነው የሚጀምሩት። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት የተቀበሏቸውን ንጉሥ እኔ ያወቅኋቸው በዚያ መንገድ ነው። በመጽሐፍ ያነበብኩት ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ጋሼ ዘንድ ተረቱ አይሠራም።

ወረቀቱ

ስለ ቪዛ ብዙ አልልም፤ የምታውቁት ነገር ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ቀጠሮ ለማግኘት የሚያየውን አበሳ ያላየ አያውቀውም፣ ያየ ደግሞ መስማት አይፈልግም። ሁለት ሦስት ነገር ብቻ ልጥቀስ፣ ምክንያቱም ዘመድ የሚያመጡ ሰዎች ደጋግመው ይጠይቁኛል።

ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም። ስለዚህ ለብቻዋ ቪዛ የምትጠይቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አትጠይቅም። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ቪዛ በሚገባበት የአውሮፓ አገሮች ቀጠና፣ በሸንገን ውስጥ ናት፤ ጀርመን ዘመድ ሊጠይቅ በሸንገን ቪዛ የመጣ ሰው ባዝል ላይ ድንበሩን ዝም ብሎ ያልፋል። የጉዞ ኢንሹራንሱ ግን በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የማመልከቻው ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ፓስፖርት ደግሞ ፍራንክፈርት ጥሎ መሄድ የለም። ባቡር ላይ ፖሊስ ሊጠይቅ ይችላል፤ የተባበሩት መንግሥታትን ግቢ ለመጎብኘትም ያለሱ አይሆንም።

ይኸው ነው። ወደ ሐይቁ እንሂድ።

ጣናን ለሚያውቅ ሰው ሐይቅ ማሳየት

ከባዝል ወደ ጄኔቫ በኑሻቴል በኩል መሄድ ይቻላል፣ በበርንና በሎዛን በኩልም ይቻላል። እኔ የመረጥኩት በበርን ነው። ምክንያቴ አንድ ቦታ ናት። ከበርን የሚመጣው ባቡር ሎዛን ሊደርስ ሲል ከዋሻ ብቅ ይላል፣ ያኔ ሐይቁ ድንገት ከሥር ይዘረጋል። ከሐዲዱ በታች እስከ ውሃው ድረስ በድንጋይ የተካቡ የላቮ የወይን እርከኖች ናቸው፤ ዩኔስኮ በ2007 እ.ኤ.አ. መዝግቧቸዋል። ከውሃው ማዶ የፈረንሳይ ተራሮች ቆመዋል። በግራ በኩል መቀመጥ ነው። በቀኝ የተቀመጠ ሰው የድንጋይ ግንብ አይቶ ይቀራል። ጋሼን የማስቀምጥበትን ወንበር ከወዲሁ አስቤዋለሁ።

ይህን ሁሉ ስተርክላቸው ብዙም አልተደነቁም። "ሐይቅማ እኛም አለን" አሉ። እውነታቸውን ነው። የጄኔቫ ሐይቅ፣ እነሱ ሌማን የሚሉት፣ 580 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና አምስት እጥፉ ይሆናል። ይህንን ሲሰሙ ድምፃቸው ላይ ትንሽ ኩራት ሰማሁ። ጥልቀቱን ስነግራቸው ግን ዝም አሉ። ጣና ጥልቅ የሚባለው ቦታ ላይ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ሌማን 310 ሜትር ይወርዳል። "ታዲያ እሱ ሐይቅ ነው ወይስ ገደል?" አሉኝ።

የወደዱት ነገር የተገኘው ወንዙ ላይ ስንደርስ ነው። ሮን ከአልፕስ ተራሮች ወርዶ በምሥራቅ ጫፍ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፣ ሐይቁን ያቋርጥና በምዕራቡ ጫፍ ጄኔቫ ከተማ መሀል ይወጣል። ባሕር ዳር ላይ አባይ ከጣና እንደሚወጣው ማለት ነው። እዚህም እዚያም ከተማው የተቆረቆረው ሐይቅ ወንዝ በሚሆንበት አፍ ላይ ነው። ከከተማው ትንሽ ወረድ ሲባል ደግሞ ዦንክስዮን የሚባል ቦታ አለ፤ ሮንና አርቭ የሚገናኙበት። ሮን ደለሉን ሐይቁ ውስጥ አራግፎ ስለወጣ ጥርት ያለ ነው። አርቭ ከሞን ብላን በኩል የበረዶ ደለል ተሸክሞ ስለሚመጣ ድፍርስ ነው። ሁለቱ በአንድ ቦይ ውስጥ ጎን ለጎን ጥቂት መንገድ ሳይቀላቀሉ ይሄዳሉ። ከላይ ካለው የባቡር ድልድይ የእግረኛ መንገድ ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። ጋሼ ይህንን ሲሰሙ ተነቃቁ። "ግልገል አባይ ጣናን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል ሲባል አልሰማሽም? እነሱም አላቸው በይኛ!" እኛ የምናወራውን እነሱ በዓይን እንደሚያሳዩ ልጨምር ብዬ ተውኩት።

ስለ ዠዶውም ነገርኳቸው፤ ሐይቁ ዳር 140 ሜትር ወደ ሰማይ ስለሚወረወረው ውሃ። ታሪኩ ከመልኩ ይበልጣል። በ1886 እ.ኤ.አ. የከተማው የእጅ ሥራ ሱቆች ማሽኖቻቸውን የሚያሽከረክሩት በቧንቧ በሚላክ የሮን ውሃ ግፊት ነበር። ማታ ማታ ሠራተኞቹ ማሽኑን ሲያጠፉ ግፊቱ ይጨምርና ቧንቧው አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ትርፉን ወደ ላይ የሚለቅ ማስተንፈሻ ሠሩ። ሕዝቡ ወደደው። በ1891 እ.ኤ.አ. ለውበት ተብሎ ሐይቁ ዳር ተተከለ። ጋሼ ጢስ አባይ መብራት ወስዶት ፏፏቴው የሳሳበትን ዘመን ያስታውሳሉ። "የእኛን ፏፏቴ ኃይል ማመንጫ ወሰደው፣ የእነሱ ከኃይል ተርፎ ፏፏቴ ሆነ" አሉና ሳቁ። ነፋስ ሲበረታ እንደሚዘጋ ግን ነግሬያቸዋለሁ፤ ደርሰን ቢጠፋ እኔን እንዳይወቅሱኝ።

ሒሳቡ አልገጥም አለ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከዚህ በታች የምጠራቸው ቀኖችና ዓመቶች፣ በእኛ ካላልኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጃንሆይ የተናገሩት የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ላይ ነው። የመንግሥታት ማኅበር ሕንጻ ደግሞ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የያዘው ፓሌ ደ ናስዮን ነው። ስለዚህ ጃንሆይ የተናገሩት እዚያ ነው። ማንንም ብትጠይቁ የሚነግራችሁ ይህንን ነው። በዚያ ያለፈ ስንትና ስንት ሐበሻ ከባንዲራዎቹ ፊት፣ ወይም አደባባዩ ላይ ካለው እግሩ የተሰበረ ትልቅ ወንበር ሥር ፎቶ ተነስቶ "ጃንሆይ የተናገሩበት" ብሎ ለጥፏል። (ወንበሩ በ1997 የቆመ ነው፤ ስለ ፈንጂ ሰለባዎች ነው። ከእኛ ንጉሥ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።)

ጉብኝት ልይዝ ብዬ የሕንጻውን ታሪክ ሳነብ ቁጥሩ አላስቀምጥ አለኝ። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በ1929። የማኅበሩ ሠራተኞች ወደ አዲሱ ሕንጻ የገቡት በ1936። ትልቁ የጉባኤ አዳራሽ ለጉባኤ የተከፈተው በ1937። ንጉሡ የተናገሩት ሰኔ 30 ቀን 1936። ታዲያ የት ቆመው?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ መልሱ በሁለተኛው ምሽት ተገኘ። ማኅበሩ የራሱ አዳራሽ እስኪኖረው ድረስ የሰው አዳራሽ ነበር የሚገለገለው። ከ1930 እስከ 1936 ጉባኤው የተቀመጠው ባቲማን ኤሌክቶራል በሚባል ቤት ነው። የከተማው የምርጫ አዳራሽ ማለት ነው፤ በ1855 የተሠራ፣ የጄኔቫ ሰው ተሰብስቦ ድምፅ የሚሰጥበት። የምርጫ ቀን ጠብ ስለማይጠፋበት ሕዝቡ ስም አውጥቶለት ነበር። የጥፊ ሳጥን።

አሰብኩት። አገራቸው ተወርራ፣ በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያ ለንደን፣ ከዚያ ጄኔቫ ደርሰው ንጉሡ የወጡት መድረክ የጥፊ ሳጥን ውስጥ ነበር። ፉጨቱ የጀመረውም እዚያ ነው። የሮማንያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቲቱሌስኮ "እነዚህን አረመኔዎች አስወጡልን" ብሎ የጮኸውም ወደ ጋዜጠኞቹ ሰገነት እያየ እዚያ ነው። ስለ መርዝ ጋዙ፣ ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ ስለሚረጨው፣ በአማርኛ የተናገሩትም እዚያ ነው።

ይህን ስፈልግ ያልፈለግሁት ሌላ ነገር አገኘሁ። ከንግግሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ ሐምሌ 3፣ ስቴፋን ሉክስ የሚባል የቼኮዝሎቫኪያ አይሁዳዊ ጋዜጠኛ በዚያው ጉባኤ መሀል ተነስቶ ራሱን በሽጉጥ መታ። በጀርመን በአይሁዶች ላይ የሚደርሰውን ዓለም እንዲሰማለት ነው። የዚያኑ ዕለት ሞተ። በማግሥቱ ሐምሌ 4 ጉባኤው በጣሊያን ላይ የነበረው ማዕቀብ እንዲነሳ ወሰነ።

እኔ የምኖረው ጀርመን ነው። የምሠራበት ሰፈር ውስጥ በየቤቱ ደጃፍ አስፋልቱ ላይ የተቀበሩ ትንንሽ የናስ ጡቦች አሉ፤ ከዚያ ቤት የተወሰዱ ሰዎች ስም ተጽፎባቸዋል። በየቀኑ እረግጣቸዋለሁ ማለት ይቻላል። አንድ አዳራሽ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱን አቤቱታ ሰምቶ ሁለቱንም እንዳለፈ እስከዚያች ምሽት አላውቅም ነበር። ኮምፒውተሩን ዘጋሁና ሻይ አፈላሁ።

አዳራሹ በ1964 ተቃጥሏል። በቦታው በ1974 ዩኒ ዱፉር የሚባል የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሕንጻ ተሠራ። ፎቶውን ፈልጌ አየሁት። ግራጫ ኮንክሪት ነው፣ ከላይ እስከ ታች። የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ይመስላል። ኪነ ሕንጻ የሚያውቁ ሰዎች ይወዱት ይሆናል፤ እኔ አስጠላኝ።

ልንገራቸው ወይስ ልተወው

ጓደኛዬ መልሷ ቀላል ነበር። "ምን አገባሽ? ፓሌው ጋ አቁሚያቸው። ባንዲራ አለ፣ ፎቶው ያምራል። ሽማግሌ ሰው ደስ ይበላቸው፣ ማን ሊያውቅ?"

ልክ ናት ብዬ ለጥቂት ቀን አመንኩ። ሰባ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው፣ ጉልበቱ የሚያመው፣ ከባሕር ዳር ድረስ መጥቶ የኮንክሪት በር ላይ አቁሜ "ይኸውልዎ" ልለው ነው? ከዚያ ይልቅ የታላቁ ሕንጻ ነጭ ግድግዳ፣ ሰፊው ሣር፣ የአገራቸው ባንዲራ ከሁሉም ጋር ተሰልፎ ሲውለበለብ ማየት አይሻልም? ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል የሆነችው መስከረም 28 ቀን 1923 ነው፤ በእኛ መስከረም 17 ቀን 1916፣ የመስቀል ዕለት። ይህንን ብነግራቸው በዚያ ደስታ ላይ ደመራ ይለኩሳሉ። ውሸት እንኳ መናገር አይጠበቅብኝም። ዝም ማለት ይበቃል።

ግን እኚህ ሰው እኮ ዓመተ ምሕረት ያስተማሩኝ ናቸው። ፈተና ላይ ታሪኩን በደንብ ጽፈን ዓመቱን ከሳትን ግማሹን ማርክ ይቆርጡ ነበር። "ዓመቱን ያላወቀ ተረት ነው የነገረኝ" ይሉ ነበር። አሁን እኔ ዓመቱ እንደማይገጥም እያወቅሁ ተረት ልነግራቸው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቦታ ማለት ምንድን ነው? ግድግዳው ከሆነ፣ የለም፣ አለቀ። እኛ አገር ግን ቤተ ክርስቲያን ቢቃጠልና በቆርቆሮ ቢሠራ፣ ታቦቱ እስካለ ደብሩ ያው ደብር ነው። ቆርቆሮውን አይቶ የሚመለስ ምእመን የለም። ጋሼ ሊሳለሙ የሚመጡት ግድግዳ ነው ወይስ ሌላ ነገር? እኔ ለእሳቸው መወሰን እችላለሁ? ስንቱን የአገራችንን ሽማግሌ እንዲህ አድርገን ነው አውሮፓ የምናስጎበኘው። የሚያምረውን እኛ መርጠን፣ እነሱ ከኋላ እየተከተሉን።

እሑድ ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው። ጃንሆይ የተናገሩበት አዳራሽ የለም።"

"ፓሌ ደ ናስዮን አይደለም እንዴ?"

"አይደለም። አዳራሹ ያለቀው በ1937 ነው።"

ትንሽ ቆዩ። ከጀርባቸው የባጃጅ ድምፅ ይሰማኛል። "ሠላሳ ሰባት?" አሉ ቀስ ብለው። መቁጠራቸውን ገባኝ። "እንግዲያ እውነትሽን ነው፤ አይገጥምም።" ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። የምርጫ አዳራሹን፣ የጥፊ ሳጥኑን፣ ቃጠሎውን። ያዝናሉ ብዬ ስጠብቅ የጥፊ ሳጥኑ ላይ ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ሄደ። "እንዲህ ያለውን ነገር በጊዜው ባውቀው ኖሮ እንዴት አድርጌ ባስተማርኩት!"

"አሁን ምን ተሠራበት?"

"ዩኒቨርሲቲ። ትልልቅ የትምህርት አዳራሾች አሉት። ሕንጻው ግን አያምርም።"

"ማን ለቆንጆ ሕንጻ መጣ? በሩ ጋ ይበቃኛል። ንግግሩን ይዤ እመጣለሁ።"

"ይዤ ማለት?"

"ላነበው ነዋ።"

"ጮክ ብለው?"

"ጃንሆይ በሹክሹክታ ነው እንዴ የተናገሩት?"

ዝም አልኩ። በዓይነ ኅሊናዬ መጣልኝ። ጄኔቫ፣ የሥራ ሰዓት፣ ተማሪዎች ቡናቸውን ይዘው ሲገቡ ሲወጡ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ በር ላይ ቆመው በአማርኛ ሲናገሩ፣ እኔ አጠገባቸው ቦርሳ ይዤ። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። "ፖሊስ ቢጠይቀንስ ጋሼ?" አልኩ።

"ፖሊስ ያን ቀንም ነበር" አሉ። "የወሰደው ግን የሚያፏጩትን ነው።"

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፣ ምክንያቱም ከዚያ ስልክ በኋላ ያልለቀቀኝ ነገር ይህ ነው። እኔ በዚህ አገር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ባቡር ውስጥ አማርኛ የማወራው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። ማንም አላዘዘኝም። እናቴ ስትደውል "መልሼ ልደውልልሽ" እላለሁ። እንግዳ ሲመጣልኝ ደግሞ መንገድ ላይ "ቀስ ብለው" እያልኩ አስቸግራለሁ። ምን እንደምፈራ ብትጠይቁኝ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። የጀርመን ሰው ጮክ ብሎ ሲያወራ አይቻለሁ፣ ጣሊያኑማ አይነገርም። እኔ ግን ለሰዉ ባዳ፣ ለአገሩ እንግዳ ሆኜ ቀረሁ።

ንጉሡ ፈረንሳይኛ ያውቁ ነበር። በፈረንሳይኛ ቢናገሩ አዳራሹ ያለ አስተርጓሚ ይሰማቸው ነበር። አማርኛን መረጡ። ይህንን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ለፈተናም ጽፌዋለሁ። ጋሼ በር ላይ ሊያነቡ ነው ሲሉኝ ግን መጀመሪያ የመጣልኝ ሐፍረት ነው። ታሪኩን ማወቄና በታሪኩ ማፈሬ እንዴት ጎን ለጎን እንደኖሩ አላውቅም።

ዕቅዱ አሁን

ቀኑን እሳቸው መረጡ። ሰኔ 23 ነው፤ በፈረንጁም ሰኔ 30 ስለሚውል የሚያጣላን አቆጣጠር የለም። የአየሩም ጠባይ ለእኛ ይስማማል።

ማደሪያው ራስ ምታት ነበር። ጄኔቫ ውድ ናት፤ በ2020 በሕዝብ ድምፅ ያጸደቀችው ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ 23 ፍራንክ እንደነበር ካወቃችሁ የሽሮ ዋጋ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ይገባችኋል። ድንበር ተሻግሮ አንማስ በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ማደር ይቀላል፤ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ባቡሩ በሃያ ደቂቃ ገደማ ያገናኛል። ለወጣት እሱን እመክራለሁ። ለጋሼ ጉልበት ግን ከባቡር ጣቢያው ብዙ የማይርቀውን ፓኪ ሰፈር መርጫለሁ። ሰፈሩ ማታ ማታ ትንሽ ሞቅ ይላል፣ ሁሉም ዓይነት ሰው አለበት። እንጀራም አይጠፋም። ጄኔቫ ሆቴል ውስጥ ያደረ ሰው ደግሞ የከተማው ትራንስፖርት በነጻ ነው፤ ካርዱ ሐይቁን የሚያሻግሩትን ቢጫ ትንንሽ ጀልባዎችም ይሸፍናል። ይህ ብቻውን የሆቴሉን ዋጋ ትንሽ ያስረሳል። ጠዋት ቁርስ ቤን ደ ፓኪ በሚባለው ቦታ ነው፣ ሐይቁ ውስጥ ገባ ባለው ግድግዳ ጫፍ። በ1932 የተሠራ የሕዝብ መዋኛ ነው፤ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ሊያፈርሱት ሲሉ የከተማው ሰው በድምፁ አዳነው። ጋሼ አይዋኙም። ሌላ ሰው ሲዋኝ አይተው ይተቻሉ።

የካቴድራሉን ግንብ ሰረዝኩት፤ 157 ደረጃ ነው። በምትኩ ከዩኒ ዱፉር ጥቂት ደቂቃ የሚያስኬደውን የባስቲዮን መናፈሻ አስገባሁ። የተሐድሶ መሪዎቹ ሐውልት እዚያ ነው፣ 100 ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው ግንብ ላይ። መግቢያው አካባቢ መሬት ላይ የተሳለ ቼዝ አለ፤ ሽማግሌዎች ጉልበታቸው የሚደርስ ንጉሥና ፈረስ እያነሱ ይጫወታሉ። ጋሼ ቼዝ ይወዳሉ፤ ቋንቋም አያስፈልገውም።

ፓሌውንም አልሰረዝነውም። በማግሥቱ እንሄዳለን። "ለልጅ ልጆቼ ፎቶው ባንዲራ ይኑርበት" ብለዋል፣ "ግን ከሥሩ 'ጃንሆይ እዚህ አልተናገሩም' ብለሽ ጻፊበት።" እጽፍበታለሁ።

የቀረን ክርክር ንግግሩ ላይ ነው። ረጅም ነው። እኔ መጨረሻውን ብቻ ያንብቡ አልኩ፤ ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ ብለው የሚጠይቁበትን። እሳቸው ከመጀመሪያው ካልሆነ ይላሉ። የጉልበታቸውን ነገር አነሳሁ፣ ወንበር እንደማላገኝ፣ ፀሐይ እንደሚሆን። ብዙ ተጨቃጭቀን በግማሹ ተስማማን። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ግን እስካሁን ሊነግሩኝ አልፈለጉም።